በገርጂ ሣር ላይ የቆመችው ጀልባ

ገመድ ሽታ አለው ብል የየካ አባዶ ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። አለው ግን። የናይሎኑን አይደለም የምለው፤ እሱ የፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚሸተው። የቃጫው ገመድ፣ ገና ከጥቅሉ ያልተፈታው፣ የደረቀ ሣርና የዘይት ሽታ አለው፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ደግሞ ከሥሩ ጨው የመሰለ ነገር ይመጣል። ጨው ይኑረው አይኑረው እንጃ፤ ምናልባት የማመጣው እኔ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት በረንዳችን ላይ ያለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ዝጎ የባለቤቴን ነጠላ አበላሸና ገመድ ልገዛ ወጣሁ። ሰፈራችን ገመድ ጠፍቶ አይደለም። ጡረታ የወጣ ሰው ለአንድ ገመድ ሲል ሁለት ታክሲ ቢቀይር ቀኑ ይሞላለታል፤ ስለዚህ እስከ ኢምፔሪያል፣ ገርጂ መታጠፊያው ድረስ፣ ወረድኩ።

እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ አቅጣጫ ይጠፋብኛል። ውቅያኖስ ላይ ያልጠፋብኝ አቅጣጫ ኢምፔሪያል ላይ ይጠፋብኛል ብዬ ለልጆቼ ስነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። ዛሬ ቀለበት መንገዱ የሚያጓራበት፣ ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ!» እያሉ ጉሮሯቸውን የሚሰነጥቁበት ያ ሁሉ ቦታ በእኛ ጊዜ ሜዳ ነበር። ከኦሎምፒያ ተነስተን ወደ ቦሌ ስንወርድ ግራና ቀኙ በቦገንቪላ የተሸፈነ የግንብ አጥር ነው፤ ውሻ ይጮሃል፣ አልፎ አልፎ አንድ ቮልስ ታልፋለች። ወደ ገርጂ ሲታጠፉ አስፋልቱ ያልቅና ጭቃው ይጀምራል። ክረምት ላይ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሻገር ነበር። መታጠፊያው ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም። የሻይ ቤቷ ቴፕ ያለማቋረጥ አንድ ካሴት ነበር የሚያጫውተው፤ ክሩ ከመላላቱ የተነሳ የዘፋኙ ድምፅ ወፍሮ የታመመ ሰው ድምፅ መስሎ ነበር፤ ቢሆንም እንወደው ነበር። እንግዲህ የባህር ትምህርት ቤታችን ከዚያች ሻይ ቤት ጀርባ ነበር። ባህር ከዚያ ስንት ቀን መንገድ ይርቅ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ሱቁ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ሚስማር፣ ቀለም፣ የውሃ ቱቦ፣ በር ላይ የተደረደረ ሲሚንቶ። ባለቤቱ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ገመዱን በሜትር አልለካልኝም፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከደረቱ ላይ እየሳበ ለካው። ከቆረጠው በኋላ ጫፉ እንዳይተረተር ከመሳቢያው ውስጥ የጫማ ክር አወጣና ይጠመጥም ጀመር። እኔም ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ዙር። መጽሐፉ «የገመዱን ውፍረት ያህል» ነው የሚለው። አሥራ አንድ የሚባል ነገር በየትኛውም የመርከብ መጽሐፍ ላይ የለም፤ አሥራ አንድ የእኔ ነው። ለሠልጣኞቼ ብቻ ያስተማርኩት ነው። ገመዴን ተቀብዬ መውጣት እችል ነበር፤ ይህን አልደብቅም፣ አስቤዋለሁም።

«ማን አስተማረህ ይሄን?» አልኩት።

«ድሮ ነው አባት፣ አሁን ማን ያስታው...» አለና ቀና አለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። «ኧረ በአላህ! ጋሽ ወርቁ አይደሉም እንዴ?»

ኑሪ ነበር። ኑረዲን። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ያስተማርኩት፣ የፈተንኩት፣ የምስክር ወረቀቱን በእጄ የፈረምኩለት፣ በኋላም ስሙን በእጄ የሰረዝኩት ልጅ።

በመርከብ ላይ መኮንን ሆኜ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ወደ የብስ ያወረደኝ የጆሮ ሕመም ነው። መሥሪያ ቤቱ ኦሎምፒያ አጠገብ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ መንገዱ። ሥራዬ በሁለት ነገር ይጠቃለላል። በባንዲራችን የሚሄድ መርከብ ሁሉ ትልቁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ለመስፈር ግን ሰዎቹም ዕቃዎቹም ልክ መሆን አለባቸው። የሰዎቹን ችሎታ እኔ እፈትናለሁ፣ የዕቃዎቹን ልክነት እኔ እመረምራለሁ። የነፍስ አድን ጃኬት ፊሽካ አለው ወይ? መብራቱ ይበራል ወይ? የጀልባው ብስኩት ጊዜው አልፏል ወይ? በአደጋ ጊዜ የሚተኮሰው ቀይ ርችት እርጥበት ገብቶታል ወይ? ክፉ ሰው ነበርኩ በዚህ ነገር። ለአንድ ያልበራ አምፖል ስል መርከብ ከወደብ አላስነሳም ብዬ ከካፒቴን ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። አሁን ሳስበው በዚያ ክፋቴ እኮራ ነበር፤ ሱሪዬን በካውያ አስተኩሼ፣ ከአሰብ ያመጣሁትን ጥቁር መነጽር አድርጌ በቦሌ መንገድ ስሄድ የአገሪቱ ባሕር ሁሉ በእኔ እጅ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጀልባዋ የመጣችው እንግዲህ ያኔ ነው። ሠልጣኞቹን ሁሉ ወደብ ወስዶ ማስተማር ከባድ ስለነበር፣ ከአንድ ያረጀ መርከብ ላይ የወረደች የነፍስ አድን ጀልባ በከባድ መኪና ተጭና ገርጂ ገባች። ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት ወጣ። ግቢው ውስጥ ሁለት የብረት ምሰሶ ተተከለ፤ ከምሰሶዎቹ በሚወርዱ ሁለት ገመዶች፣ አንዱ ፊቷን አንዱ ኋላዋን በመንጠቆ ይዘው፣ ልክ መርከብ ጎን ላይ እንዳለች አንጠለጠሏት። እናወርዳታለን፣ ሣሩ ላይ ታርፋለች፣ መንጠቆዎቹን እንፈታለን፣ እንቀዝፋለን። ቀዘፋው ሣር ነው የሚመታው። ሠልጣኞቹ ግቢውን «ደረቁ ባሕር» አሉት፤ የአጨዳ ዜማ ወስደው የራሳቸውን ግጥም ገጠሙለት።

«ቅዘፉ ቅዘፉ፣ ባሕራችን ሣር ነው፣
ብንሰምጥም እንኳን ገርጂ ላይ ነው።»

ከሁሉም ድምፅ የሚያወጣው ሰይፉ የሚባለው ልጅ ነበር። አባቱ ከጎንደር የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቱ ኦሎምፒያ ጓሮ የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸራ ጫማውን እሑድ እሑድ በጠመኔ የሚያነጣ ልጅ። ኑሪ ደግሞ የነጋዴ ልጅ ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው መርካቶ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሁለቱ አይለያዩም። አንዱ ሲጾም ሌላው ፊቱ አይበላም፤ የዓመቱን ግማሽ በጾም ነው የጨረሱት ብለን እንቀልድባቸው ነበር። ጀልባዋ ላይ ኑሪን ፊት፣ ሰይፉን ኋላ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን ልናገረው ነው። ጀልባዋን ከመኪናው ያወረዳት ክሬን ኋላዋን ወደ አጥሩ አስጠግቶ ነበር ያቆማት። ከአጥሩ ወዲያ የአንዲት ጎረቤት ማድ ቤት አለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። የኋላው መንጠቆ ሲፈታ፣ ገመዱ ላይ ያለው ከባድ የብረት መዘውር ይወናጨፍና ቆርቆሮውን ይመታዋል። አንድ ቀን ቀደደው። ሴትዮዋ መቀነታቸውን እንደታጠቁ እየጮኹ መጡ፤ «እናንተ ባሕርተኞች፣ ቤቴን ልታሰምጡት ነው?» አሉን። ሳቅን፤ ቆርቆሮም ገዝተን አስመታንላቸው። ክሬኑ ተመልሶ ጀልባዋን ፈቀቅ እንዲያደርግልን ደብዳቤ ጻፍኩ። እስኪመጣ ድረስ ግን አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። መጀመሪያ የፊቱ መንጠቆ ይፈታ፤ የኋላው ሰው እጁን አንስቶ መዘውሩን አንቆ ይያዝ፤ የፊተኛው መፈታቱን ሲያይ ቀስ ብሎ የራሱን ይፍታ። ቆርቆሮው ዳነ።

መጽሐፉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። መርከብ ትንሽም ብትሆን ወደ ፊት እየሄደች ከሆነ፣ ወይም ውሃው በሥሯ የሚሮጥ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚፈታው የጀልባዋ ኋላ ነው። ፊቷ እንደታሰረ ስለሚቆይ ውሃው ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። ፊቷ ከቀደመ ጀልባዋ በኋላዋ ታስራ ትዞራለች፣ ትገለበጣለች። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች «ይሄ ለቆርቆሮው ነው፣ ባሕር ላይ ኋላ ይቀድማል» እያልኩ እነግራቸው ነበር። ሁለተኛዎቹን አንዴ ነገርኳቸው መሰለኝ። እነኑሪ ሦስተኛው ክፍል ናቸው። ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ረስቼ ነው፤ ክሬኑም አልመጣም፤ ዘዴው ትምህርት ሆኖ ቀረ። ሣር ላይ ደግሞ ጀልባ አይገለበጥም፤ ስህተቱን የሚያሳይ ውሃ አልነበረም። ሁሉንም ፈተንኳቸው፣ ሁሉም አለፉ። ፈጣኖች ነበሩ። ኑሪ መንጠቆውን ሲፈታ ዓይን አያየውም ነበር።

በዓመቱ፣ ከአንድ የሰው አገር ወደብ ውጭ መልህቅ ጥላ በቆመች መርከብ ላይ የጀልባ ልምምድ ተደረገ። ውሃው ይሮጥ ነበር። ጀልባዋ ወረደች፣ መኮንኑ «ፍቱ!» አለ። ኑሪ እንዳስተማርኩት ወዲያው ፈታ። ሰይፉም እንዳስተማርኩት እጁን አንስቶ ጠበቀ። ጀልባዋ ዞረች። ሌሎቹ ተንሳፈፉ፤ ሰይፉ ግን በጀልባዋና በመርከቧ ብረት መካከል ቀረ። ጃኬቶቹ ሁሉ ደህና ነበሩ፤ ፊሽካውም መብራቱም። የመረመርኳቸው እኔ ነኝ።

ኑሪ በምርመራው ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው የሰጠው፤ «እንደተማርኩት ነው የፈታሁት»። ወረቀቱ ወደ እኔ መጣ፤ እውነት ነወይ ተብዬ ተጠየቅኩ። የዚያን ጊዜ አለቃዬ በሩን ዘጋና እንዲህ አለኝ፤ «ወርቁ፣ ትምህርቱ ልክ አልነበረም ብለህ ከጻፍክ ከዚያ ግቢ የወጣ ወረቀት ሁሉ ወረቀት አይደለም። የውጭ ወደብ ተቆጣጣሪዎች ከሰሙ መርከቦቻችንን አንድ በአንድ ያስሯቸዋል። የስንቱን እንጀራ እንደምትዘጋ አስብ። የአንድ ሰው ስህተት ቢሆን ይሻላል።» እኔም አሰብኩ። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ የመጽሐፉን ገጽ አያይዤ፤ ትምህርቱ በመጽሐፉ መሠረት እንደተሰጠ፣ ሠልጣኙም ተፈትኖ እንዳለፈ። አንድም ቃል ሐሰት የለበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ሜዳ ላይ ከምንሠራው መለየቱን ሳልናገር፣ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን አንብቤላቸዋለሁና። ከዚያ የባሕርተኞቹን መዝገብ አወጣሁና የኑሪን ስም በቀይ ሰረዝኩ። የክፍል ጓደኞቹ ዝም አሉ፤ የእነሱም ወረቀት ከዚያው ግቢ ነበር የወጣው። አልፈርድባቸውም።

የሰይፉ አርባ ኦሎምፒያ ጓሮ በተተከለ ድንኳን ነበር። መሥሪያ ቤቱን ወክዬ ሄድኩ፤ ጥቁር ክራቫት አድርጌ ከፊት አስቀመጡኝ። ኑሪ መጣ። ነጠላ ተውሶ፣ እንደ ለቅሶኛ አዘቅዝቆ ለብሶ። የሰይፉ እናት፣ እትዬ አስካለ፣ ከተቀመጡበት ተነሱና ድንኳኑ በር ላይ አቆሙት። «ልጄን ገድለህ ልጄን ልታለቅስ መጣህ? ከደጄ ሂድ!» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ሌላ ሰው አላየም፣ እኔን ነው ያየው። እኔ የቀረበልኝን ብርጭቆ አየሁ። ኑሪ ሄደ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ወደቡ የሌላ አገር ሆነ፣ ጀልባዋ ለብረት ተሸጠች ሲሉ ሰማሁ፤ እኔም ኮንዶሚኒየም ደረሰኝና የየካ አባዶ ሰው ሆንኩ። ሰው እንዲህ እያለ ያረጃል።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ?» አለኝ ኑሪ፣ ወንበር እየጠረገ። ሻይ አዘዘልኝ። ልጆቹን ነገረኝ፤ አንዷ ሐኪም ነች። የእኔን ጤና ጠየቀኝ፤ ጆሮዬን እንኳ አልረሳም። ቂም ፈለግኩበት፣ አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። ሻዩ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ኑሪ» አልኩት፣ «በዚያ ነገር ላይ...»

«ተዉት ጋሼ። ያለፈ ነገር ነው።» ገመዱን ይጠቀልልልኝ ጀመር። «ድሮ ድሮ ያናድደኝ ነበር። እንደተማርኩት ነው እያልኩ ስንቱን ተጣላሁ። በኋላ ግን ሳስበው፣ እርስዎን የሚያህል ሰው ተሳስቶ አያስተምርም። አንድ አምፖል ሲጠፋ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። እኔ ነኝ በጭንቅላቴ ያዛባሁት አልኩ። ቸኩዬ ይሆናል። ልጅ ነበርኩ። እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለኝ ብዬ ተቀመጥኩ።»

እንዲህ ያለ ነገር ልሰማ አልተዘጋጀሁም ነበር። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ስሙን ከመዝገብ መሰረዜን አውቃለሁ፤ የገዛ ትዝታውን ከራሱ ላይ መንጠቄን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«አልተሳሳትክም» አልኩት። «ፊት ይቀድማል ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ለቆርቆሮው ብዬ ነው። ባሕር ላይ ሌላ መሆኑን አልነገርኳችሁም። ደብዳቤውንም የጻፍኩት እያወቅኩ ነው።»

ኑሪ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። አንድ ሰው መጥቶ ስለ ቀለም ዋጋ ጠየቀው፤ አልመለሰለትም፤ ሰውየው ትንሽ ቆሞ ሄደ።

«ይድገሙልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።

«መዘውሩ» አለ ቀስ ብሎ። «የሴትዮዋ ማድ ቤት። እውነት ነበር?»

«እውነት ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። «ሠላሳ ዓመት!» አለ፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። «ጋሽ ወርቁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ የገዛ ጓደኛዬን ገድያለሁ ብዬ ነው የተኛሁት! ይቅርታ ሊሉኝ ነው የመጡት?»

«ገመድ ልገዛ ነው የመጣሁት» አልኩት። እውነቱ ይኸው ነበር፤ ከዚያ የባሰ መልስ ግን የለም። «ሱቅህ መሆኑን ባውቅ አልመጣም ነበር።»

ኑሪ ገመዱን አስቀመጠ። ከዚያ ቁልፉን ከመሳቢያው አወጣና ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘጋ። «ለእኔ አይደለም የሚነግሩት» አለኝ። «እማማ አስካለ አሉ። የኦሎምፒያው ቤት ሲፈርስ የካ አባዶ ነው የተሰጣቸው። ብሎካቸውን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይነሱ።»

የካ አባዶ! እኔ ዳቦ የምገዛበት፣ ታክሲ የምሰለፍበት ሰፈር። ምናልባት ስንት ጊዜ ሰልፍ ላይ ከጀርባቸው ቆሜያለሁ።

በፒካፑ ሄድን። መንገዱ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር፤ መገናኛ ላይ ተጨናንቀን ቆምን። «እዚህ ጋ እርሻ ነበር፣ ታስታውሳለህ?» አልኩት። «አስታውሳለሁ» አለኝ። ላምበረትን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ሰው በሕይወቱ ብዙ ይፈራል ይባላል፤ እኔ የሕንድ ውቅያኖስን ክረምት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። ሦስተኛ ፎቅ ነው ሲለኝ ደረጃው ቢበዛ ተመኘሁ።

ኑሪ አንኳኳና ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል፣ ሽበታቸው ከሻሻቸው ሥር ወጥቷል። መጀመሪያ ያዩት ኑሪን ነው። አወቁት። እንደ ድሮው እንዳያባርሩት ቸኮልኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ወርቁ እባላለሁ። ሰይፉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኑሪ ያደረገው እኔ አድርግ ያልኩትን ነው። ያስተማርኩት ስህተት ነበር። በኋላ እሱ እውነቱን ሲናገር ሐሰተኛ ያስባልኩትም እኔ ነኝ። በአርባው ከደጅዎ ሲያባርሩት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

አንድ ሕፃን ኳስ እያንከባለለ በደረጃው ወረደ። እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ልጄ» አሉ፣ «ልጄ ያን ጊዜ ምን እያደረገ ነበር?»

«እጁን አንስቶ እየጠበቀ ነበር። ጠብቅ ብዬው ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላወቅኩም። ከዚያ ወደ ኑሪ ዞሩ። «አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?»

«ተናግሬ ነበር እማማ» አለ ኑሪ። «ያመነኝ ጠፋ። በኋላ እኔም ራሴን ማመን ተውኩ።»

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በባዶ እጃቸው የኮቱን እጅጌ ያዙት። «ና ግባ» አሉት። «አንተ ግባ ልጄ።»

እኔን አላዩኝም። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ፤ ተከትዬ ልግባ አልል ነገር አልተጠራሁም፣ መሄድም አልቻልኩም። ኑሪ ያን ጊዜ ያልተፈቀደለትን ለቅሶ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁት።